በቤታችን ውስጥ ስለምንተነፍሰው አየር

ሰው ከመንገድ ሲመለስ የልብሱን አቧራ ያራግፋል፤ ጫማውን ከደጃፍ ላይ ይጠርጋል፤ ከዚያም በሩን ከበስተኋላው ዘግቶ «ተመስገን፤ ከቤቴ ገባሁ» ይላል። ክፉው ነገር ሁሉ ከውጭ የቀረ ይመስለዋል። ነገር ግን የጤና ጥበቃ ሊቃውንት መርምረው የደረሱበት ነገር ይህን ሰው የሚያስደነግጥ ነው። ሳንባን የሚጐዳው አየር በአውራ ጐዳናና በፋብሪካ አጠገብ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ከግድግዳው፣ ከምድጃውና ከከሰሉ የሚነሣውም እንደዚያው ይጐዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለ1 ዓመት ብቻ፣ ይኸውም ለ2020 ባወጣው ግምት (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን)፣ በቤት ውስጥ ከሚነድ እሳት በሚወጣው ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ።

የቤቱ አባወራ ቀኑን ከሥራው ላይ ስለሚውል ይህን አየር የሚቀምሰው በማታ ብቻ ነው። ሙሉ ቀን የሚተነፍሱት እመቤቲቱ፣ አገልጋይዋ፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምድጃው አጠገብ የሚውለው ሕፃንና ከአልጋ የማይነሡት ሽማግሌ ናቸው። ስለዚህ «እኔ በቤቴ ውስጥ ምንም አልታየኝም» የሚል የቤት ጌታ ቢኖር፣ ምስክርነቱ ጐደሎ መሆኑን ከወዲሁ እንንገረው።

ነገሩን ከምጽዋ እንጀምር። የምጽዋን አሮጌ ከተማ ያየ ሰው፣ ቤቶቹ ከባሕር ውስጥ ተቈርጦ በወጣ፣ ቀዳዳ በበዛበት የኮራል ድንጋይ እንደ ተሠሩ ያውቃል። ይህ ድንጋይ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ሲሆን፣ በውስጡ የባሕር ጨው አለበት። ጨው ደግሞ በባሕርዩ ርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ከመሠረቱም ያለው ውኃ በድንጋዩ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። የቀድሞዎቹ ግንበኞች ይህን ሳይማሩ ያወቁ ሰዎች ነበሩ። ግድግዳውን የሚለስኑት በኖራ ስለ ነበረ ርጥበቱ የገባበትን ያህል ተመልሶ ይወጣ ነበር፤ መስኮቱንና ሰገነቱንም በእንጨት ፍርግርግ እየሠሩ፣ የቤቱ ሰው ከውጭ ሳይታይ የባሕሩ ነፋስ ከአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ያደርጉ ነበር። ኋላ የመጣው ሰው ፍርግርጉን በመስታወትና በጣውላ ዘጋው፤ የኖራውንም ልስን ፍቆ ሲሚንቶ መረገበት። ሲሚንቶው ጠንካራ ስለ ሆነ ርጥበቱን በድንጋዩ ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። ከዚያ በኋላ ቀለሙ እየተላጠ፣ ግድግዳው ነጭ ጨው እያወጣ፣ በማእዘኑም ላይ ጥቁርና አረንጓዴ ነጥብ እየታየ ሲመጣ፣ «ይህ ቤት አርጅቷል» ይባላል። ቤቱ ግን ያረጀ ሳይሆን የታፈነ ነው።

ከምጽዋ ተነሥቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን የወጣ መንገደኛ አሥመራ ሲደርስ ሌላ አየር ያገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነችው ይህች ከተማ ደረቅና ቀዝቃዛ ናት፤ ዝናቧም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። የምጽዋ ጥቂት ዝናብ ግን ደጋው በጋ በሆነበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ይጥላል። እንግዲህ በሁለት ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ ሁለት የሻጋታ ወራት አሉ ማለት ነው፤ አንደኛው ሲያበቃ ሁለተኛው ይጀምራል።

በደጋው የሻጋታው ምክንያት ከባሕሩ ጠረፍ የተለየ ነው። በአንዲት ክፍል ስድስትና ሰባት ሰዎች ያድራሉ፤ እራቱ በዚያው ይበሰላል፤ የታጠበውም ልብስ ዝናብ ስላለ በዚያው ይሰጣል። ከድስቱ፣ ከልብሱና ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው የውኃ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛውን ግድግዳ አግኝቶ ያርፍበታል። ቀዝቃዛ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ በውጭ በኩል እንዴት እንደሚያልበው ሁሉም ሰው አይቷል፤ በክረምት ሌሊት የቤታችን ግድግዳ የሚያልበው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ሻጋታው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ከቁም ሣጥኑ በስተጀርባ፣ ከአልጋው ራስጌና ከጣሪያው ማእዘን ላይ ነው፤ እነዚህ አየር የማይደርስባቸው ቀዝቃዛ ስፍራዎች ናቸውና። ቆርቆሮው የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ነገሩን ከእንፋሎት ጋር ማያያዝ አያስፈልግም፤ መሰላል መፈለግ ነው።

ሻጋታ ፈንገስ ከሚባለው ወገን የሆነ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዘሩ እጅግ የደቀቀ ብናኝ ሆኖ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ይኖራል፤ እርሱ የሌለበት ቤት የለም። የሚያስፈልገው ምግብና ርጥበት ብቻ ነው። ምግብ በቤት ውስጥ ሞልቶለታል፤ እንጨቱ፣ ወረቀቱ፣ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ በቀለሙ ላይ ያረፈው አቧራ ሳይቀር ይበቃዋል። የጐደለው ርጥበቱ ነው። አንድ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሳይደርቅ ከቆየ ዘሩ ሥር መስደድ ይጀምራል። በመሶብ የተረሳ እንጀራ በስንተኛው ቀን ጸጉር እንደሚያበቅል የሚያውቁ እመቤቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የሻጋታን ወገን በሙሉ መራገምም አይገባም፤ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 በለንደን ያገኘው፣ ኋላም ስፍር ቍጥር የሌለውን ሕዝብ ከሞት ያዳነው ፔኒሲሊን የሻጋታ ፍሬ ነው። የሚያሳዝነው ይኸው ወገን በመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ሲሆን ወዳጅ፣ በመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን ጠላት መሆኑ ነው።

ግድግዳን የሚበላ ርጥበት እንደ ደዌ መቈጠሩ አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ደዌ የተጻፈውን ያነበበ ሰው፣ አንድ የዛሬ የጤና መኰንን የሚያዝዘውን የሚመስል ሥርዓት ያገኝበታል። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ሲታይ ካህኑ ዕቃው ከቤት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ቤቱ ሰባት ቀን ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ምልክቱ ከሰፋ የተበከሉት ድንጋዮች ወጥተው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ልስኑ ይፋቃል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይጠገናል። እንደዚያም ተደርጎ ደዌው ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። ይህን ከጻፍን ዘንድ አንድ ነገር እናስተውል፤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ «በላዩ ላይ ቀለም ቅቡት» የሚል ቃል የለም።

ሻጋታ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በተመለከተ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንደኛው ናቅ አድርጎ ማለፍ ሲሆን ሁለተኛው ያልተረጋገጠውን አግንኖ መናገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ስለ ቤት ርጥበትና ሻጋታ መመሪያ ባወጣ ጊዜ ብዙ ምርመራዎችን አሰባስቦ እንደ ገለጸው፣ ርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በሳል፣ በአስም፣ በትንፋሽ ማፏጨትና በመተንፈሻ አካላት ሕመም ይጠቃሉ። ከዚያ ቀደም ሲል በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ብዙ ምርመራዎችን አንድ ላይ አስልቶ፣ እነዚህ ሕመሞች በርጥብ ቤቶች ውስጥ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህል በዝተው እንደሚገኙ አሳይቷል። አስም ያለበት ሰው የሻጋታውን ብናኝ ሲተነፍስ ደረቱ ይጠብበታል፤ በሌላው ላይ አፍንጫን የሚያፈስ፣ ዐይንን የሚያሳክክ አለርጂ ያስነሣል። ሰውነቱ በሌላ ደዌ የደከመ እንደሆነ ደግሞ፣ አስፐርጂለስ የሚባለው ሻጋታ በሳንባው ውስጥ ሥር ሰዶ ሊያድግ ይችላል።

ስለ «ጥቁሩ ሻጋታ» ግን ብዙ የተጋነነ ወሬ አለ። በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ በ1993 እና በ1994 ሳንባቸው የደማ ሕፃናት በተገኙ ጊዜ፣ ምክንያቱ ስታኪቦትሪስ የተባለው ጥቁር ሻጋታ ነው ተብሎ ነበር። ነገር ግን የአገሪቱ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማእከል ምርመራውን እንደ ገና ፈትሾ በ2000 ግንኙነቱ አልተረጋገጠም ሲል አስታወቀ። እንግዲህ ሻጋታው ጥቁር ይሁን፣ አረንጓዴ ይሁን ወይም ነጭ፣ ዓይነቱን ለማወቅ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው፤ ሁሉም ከቤት መውጣት አለበት።

ይህ ጉዳይ በባለቤትና በተከራይ መካከል እንዴት ያለ ክርክር እንደሚያስነሣ የተከራየ ሁሉ ያውቀዋል። ተከራዩ «ጣሪያው ያፈሳል፤ መስኮቱም አይከፈት» ይላል፤ ባለቤቱ «አንተ ነህ እንጂ በቤት ውስጥ ውኃ የምታፈላው፤ ልብስ የምታሰጣው» ብሎ ይመልሳል። የዚህን ክርክር መጨረሻ ዓለም ሁሉ የሰማው በእንግሊዝ አገር፣ በሮችዴል ከተማ በደረሰው ነገር ነው። ከጎረቤታችን ከሱዳን ሄደው በዚያ የሚኖሩ ባልና ሚስት አዋብ ኢስሐቅ የሚባል ሕፃን ነበራቸው። አባቱ በ2017 በቤቱ ውስጥ ሻጋታ መውጣቱን ለአከራዩ ድርጅት ባመለከተ ጊዜ የተሰጠው መልስ ቀለም እንዲቀባበት ነበር። ቀባበት፤ ተመልሶ ወጣ። አከራዮቹ ርጥበቱ የመጣው ከቤተ ሰቡ አኗኗርና ከሰውነት አስተጣጠባቸው ይመስላቸው ነበር። ሕፃኑ ሁለት ዓመት በሞላው በስምንተኛው ቀን፣ በዲሴምበር 2020 ሞተ። በኖቬምበር 2022 የአሟሟቱን ምክንያት ያጣራችው ዳኛ፣ ሕፃኑ የሞተው ለረጅም ጊዜ ሻጋታ ያለበትን አየር በመተንፈሱ በደረሰበት የመተንፈሻ አካላት ሕመም መሆኑን ፈረደች። ከዚህ በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ የእንግሊዝ ፓርላማ አከራዮች ሻጋታን በተወሰነ ቀን ውስጥ መርምረው እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም በሕፃኑ ስም ይጠራል፤ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮም በሥራ ላይ ውሏል። የዚያች አገር ዳኛ የፈረደችው ፍርድ በእኛ አገር ኪራይ ቤቶች ላይ አይሠራም፤ ግድግዳው ግን አንድ ነው።

ሻጋታን ለማስወገድ አስቀድሞ ውኃው ከወዴት እንደሚመጣ ፈልጎ መድፈን ይገባል። ከዚያ በኋላ በጠንካራ ግድግዳ ላይ ያለውን በሳሙናና በውኃ ፈትጎ ማድረቅ ይበቃል። የሚፈትገው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ከሥራው ይራቅ። ብዙ እመቤቶች በረኪና ይጠቀማሉ፤ ይህ ለጠንካራ ነገር ላይጐዳ ይችላል፤ ነገር ግን በረኪናን ከአሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት ሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚያቃጥል መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የሻገተ ፍራሽና ምንጣፍ አይድንም። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ማራቅ፣ ድስቱን መክደን፣ ጧት ጧት ሁለት ትይዩ መስኮቶችን መክፈት ምንም ዋጋ አያስወጣም።

ስለ ሻጋታው ይህን ያህል ካልን፣ ከርሱ ይልቅ ወደ በዛው ክፉ ነገር፣ ወደ ጢሱ እንለፍ። የማገዶ እንጨት፣ ኩበትና ከሰል በሚነድበት ጊዜ ከሚወጣው ነገር ውስጥ ሐኪሞች አብዝተው የሚፈሩት፣ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጠውን ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ ከሰው ጠጉር በ30 እጅ ያህል የቀጠነ ስለ ሆነ በአፍንጫ አይጣራም፤ ወደ ሳንባው መጨረሻ ወርዶ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ቀን ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በአዲስ አበባ፣ ድኾች በሚኖሩባቸው ሰፈሮች በ59 ቤቶች ውስጥ ተለክቶ በ2014 የታተመ ጥናት ግን አማካዩ ከ800 ማይክሮግራም በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ይህም ከተፈቀደው 50 እጥፍ በላይ ነው። ጢሱ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች የመያዝን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ በአዋቂዎች ላይ የልብ ድካምን፣ አንጐልን የሚመታ የደም መፍሰስንና መዘጋትን፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታንና የሳንባ ነቀርሳን ያመጣል። ማድ ቤት ያረጁ እናቶች ዐይን በሞራ የሚሸፈነውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። እነርሱ ግን «የጢስ ዕድሜ ነው» ብለው ያልፉታል።

ጢስን የፈራነው እኛ ብቻ አይደለንም። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት በ1952፣ በዲሴምበር ወር ለንደን ለአምስት ቀን በጢስና በጉም ተሸፍና ነበር። ያን ጢስ ካወጡት ውስጥ ዋነኛው ሰዉ ቤቱን ለማሞቅ የሚያነደው የድንጋይ ከሰል ነበር። በዚያን ጊዜ የሞተው ሰው 4 ሺህ ያህል ነው ተባለ፤ ኋላ በተደረገ ስሌት ግን እስከ 12 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ታወቀ። እንግሊዞች በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ አውጥተው ጢስ የሚያወጣ ማገዶ በከተማ እንዳይነድ አገዱ። ይህን ለማድረግ የቻሉት ግን በማገዶው ፈንታ የሚተኩት ነገር ስለ ነበራቸው ነው።

በኛ ምድር በቤት ውስጥ ጢስን የሚያበዛው እንጀራ ነው። ምጣዱ ሰፊ፣ እሳቱም ብርቱ መሆን አለበት፤ ጋጋሪዋም ከእሳቱ አጠገብ ከመሆን በቀር ምርጫ የላትም። በኤርትራ ሞጎጎ የሚባለው የጭቃ ምድጃ ከሚበላው ማገዶ ውስጥ ለእንጀራው የሚደርሰው ሙቀት ከ10 በመቶ በታች ነበር፤ የቀረው በጐንና በጢስ ይጠፋል። በ1990ዎቹ ዓመታት በኤርትራ የኤነርጂ ምርመራና ማሠልጠኛ ማእከል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ደበሳይ ገብረ ሕይወትና ባልደረቦቻቸው ይህን ምድጃ መርምረው «አድኅኖት» የተባለውን አዲስ ሞጎጎ አበጁ። አዲስነቱ ከመኪና ወይም ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። እሳቱን ከመሬት ከፍ አድርገው ከሸክላ በተሠራ ወንፊት ላይ አኖሩት፤ አየር ከበታቹ እንዲገባ አደረጉ፤ ለማገዶው መግቢያ መዝጊያ ሰጡት፤ ጢሱንም በቧንቧ ወደ ውጭ አወጡት። የሴቶቹ ወገብ እንዳይጐብጥ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራል። ማገዶው በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ሥራውም በ2003 በለንደን አሽደን የተባለውን ሽልማት አገኘ። እኛ ከሽልማቱ ይልቅ የምናደንቀው ምድጃውን የሚሠሩት የየመንደሩ ሴቶች ራሳቸው መሆናቸውን ነው። በኢትዮጵያም «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል፤ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም በከተማው ገበያ ይሸጣል።

ይሁን እንጂ ማገዶ መቀነስና ጤና መጠበቅ አንድ ነገር እንዳይደሉ መሸሸግ አይገባም። በጓቲማላ በተደረገና በ2011 በታተመ ምርመራ፣ የጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ የተሰጣቸው ቤተ ሰቦች ሕፃናት የሚተነፍሱት መርዘኛ ጋዝ በግማሽ ቀነሰ፤ ከባዱም የሳንባ ምች በአንድ ሦስተኛ ያህል አነሰ፤ ጠቅላላው የሳንባ ምች ቍጥር ግን በርግጠኝነት ቀነሰ ለማለት አልተቻለም። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያጠቃለለው፣ በ2016 የታተመው ምርመራ ደግሞ የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ ለሳንባ ምች ምንም ጥቅም እንዳልሰጠ አሳየ። ምክንያቱን ማሰብ አያስቸግርም። ምድጃው ቢሻሻልም አሮጌው ጕልቻ ከአጠገቡ አይጠፋም፤ የጎረቤቱም ጢስ በመስኮት ይገባል። እውነተኛው መፍትሔ የኤሌክትሪክ ምጣድና ጋዝ ነው፤ ይህ ደግሞ የእመቤቲቱ ሳይሆን የመብራት ኀይልና የገበያ ጉዳይ ነው። እስከዚያው ድረስ ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ከሌለው ይሻላል፤ ማድ ቤቱ ከመኝታ ቤት ቢለይ ይሻላል፤ ሕፃኑም ከማድ ቤት ውጭ ቢውል ከሁሉ ይሻላል።

የቀረን የማይታየው ነው። ጢስ ቢከፋም ዐይን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሰው ይሸሸዋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም፣ መልክም፣ ጣዕምም የለውም። በደማችን ውስጥ አየር የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የሚይዘው ከኦክሲጅን ከ200 እጅ በላይ በበረታ ኀይል ስለ ሆነ፣ ጥቂቱ እንኳ የኦክሲጅንን ስፍራ ይቀማል። እስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን በ1895 ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ መርምሮ ያሠራሩን ሁኔታ ገልጿል። ከዚያ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1902፣ ስመ ጥሩው የፈረንሳይ ደራሲ ኤሚል ዞላ በፓሪስ ቤቱ ውስጥ የእሳት ምድጃው ጢስ ማውጫ ተዘግቶ በዚሁ ጋዝ ሞተ፤ ሚስቱ በብርቱ ታማ ዳነች። ጢስ ማውጫ ያለው የታላቅ ደራሲ ቤት እንዲህ ከሆነ፣ ፈርኔሎውን በአልጋው አጠገብ አስቀምጦ በሩን የሚቈልፈው ሰው ምን ይጠብቃል? ደጋው ደግሞ ለዚህ ጋዝ ይመቻል። የአሥመራ አየር ከምጽዋው አየር ጋር ሲነጻጸር ኦክሲጅኑ በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፤ ብርዱም መስኮት ያዘጋል።

በሕዝቡ መካከል አንድ አደገኛ እምነት አለ፤ ከሰሉ ጢሱን ጨርሶ ፍም ሲሆን አይጐዳም የሚል። አንዳንዶችም ጨው ይነሰንሱበታል፤ ሌሎች አጠገቡ ውኃ በጎድጓዳ ሳሕን ያኖራሉ። ጨውም ውኃም ይህን ጋዝ አይዙትም። ቀዩ ፍም፣ አመድ የለበሰውም ሳይቀር፣ እስኪጠፋ ድረስ ያወጣዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጕልበት መክዳት ነው፤ ትኩሳት የለውም። ከአንድ ቤት ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ከውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። በሩን ሁሉ ከፍቶ ሰዉን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ቀጥሎም ኦክሲጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ጋዙ በተራ አየር ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ አራትና አምስት ሰዓት ሲፈልግ፣ በንጹሕ ኦክሲጅን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ለራሷ የተሻላት ቢመስላትም መሄድ አለባት፤ በማሕፀን ያለው ሕፃን ጋዙን ከእናቱ ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋልና።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር አንዲት ዘመዳችን በደጋው ከተማ ወልዳ ልንጠይቅ ሄድን። እንደ አገራችን ልማድ የአራስ ቤት ተዘግቷል፤ ነፋስ እንዳይመታት የመስኮቱ ቀዳዳ ሳይቀር በጨርቅ ተጠቅጥቋል። ገንፎ በላን፤ ቡና ተፈላ፤ ዕጣኑም ጨሰ። ቡናው ካበቃ በኋላ ፍሙ የብርዱን ነገር ብሎ ከአልጋው እግር ሥር ተጠጋ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከተቀመጥነው ሦስታችን ራሳችንን ያዝን። አራሷ «እማማ፣ ሕፃኑ ጡት አልይዝ አለኝ» አለች። እናቷ ወደ ሕፃኑ ጐንበስ ብለው አዩና «ዐይን በዝቶበት ነው፤ እንግዳ በዛ» አሉ። በዚህ መካከል የጎረቤት ልጅ፣ ነርስ ነበረች፣ ከበሩ ላይ እንደ ቆመች አንድ ጊዜ ወደ ምድጃው፣ አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ተመለከተችና ምንም ሳትናገር ጨርቁን መንቀል ጀመረች። እማማ ተቈጡ፤ «ልጄን በብርድ ልትገይብኝ ነው!» አሉ። እርስዋም «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በኋላ ይቈጡኛል» ብላ ምድጃውን በሁለት እጇ ብድግ አድርጋ ወደ ውጭ አወጣችው።

አራሷን ደግፈን ልናስነሣት ስንል ጕልበቷ ከዳት። ሕፃኑና እናቱ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ገቡ፤ ኦክሲጅን ተሰጥቷቸውም በማግሥቱ ተመለሱ። እማማ ሦስት ቀን ያህል ነርሷን አላነጋገሯትም። በአራተኛው ቀን ቡና ጠሯት፤ ቡናውም የተፈላው ከደጃፍ ውጭ፣ ከቆርቆሮው ጥላ በታች ነበር። መስኮቱን ግን ሙሉ በሙሉ ለመክፈት እስከ መጨረሻው እሺ አላሉም፤ የከፈቱት አንዱን ዕንጨት ብቻ ነው። ያን ዓመት እስከ ጥምቀት ድረስ የአራሷን እግር ያሞቁት የነበረው ሙቅ ውኃ በጠርሙስ እየሞሉ፣ በጋቢ ጫፍ እየጠቀለሉ ነበር።